የኪስ ቦርሳ ሰፍቶ መኖር፦ ከአራት ኪሎ ለጀማሪዎች

መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ዛሬም ከአልጋዬ ሥር አለ። ሁለት ከረጢት ዶቃ፣ አንድ ጥቅል ቀይ ስዊድ (ገጹ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳ)፣ ሦስት ዓይነት የጆሮ ጌጥ መንጠቆ፣ አንድ መቶ ዘለበት። ቀበቶ ግን በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ያን ቀን ከረጢቶቹን ጭኔ ላይ አቅፌ ከመርካቶ በታክሲ ስመለስ ነጋዴ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በእጅ የተሠራ ቦርሳ፣ ጌጣጌጥ፣ የቁልፍ መያዣ መሸጥ የሚያስቡ ልጆች «ከየት ልጀምር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ከረጢቱን ሳትገዢ ጀምሪ ነው መልሴ። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ የሄድኩበት መንገድ ነው፣ ስህተቱ ተቀንሶለት። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በ«አንቺ» እጽፋለሁ። ወንድሜ፣ አንተም ለራስህ እየቀየርክ አንብበው።

1. አንድ ዕቃ ምረጪ

አንድ። «ጌጣጌጥና ቦርሳ» ብለሽ አትጀምሪ። እኔ ዛሬ የቤት ኪራይ የምከፍልበት ዕቃ መዳፍ የሚያህል፣ ዚፕ ያለው የኪስ ቦርሳ ነው። የፍየል ቆዳ ሆኖ ፊቱ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጥለት አለው። ካርድ፣ የታጠፈ ብር፣ ቁልፍና ሊፕስቲክ ይይዛል። በቃ።

ለምን እሱን? ከአንድ ስኩዌር ፊት (30 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል) ቆዳ ሦስት ይወጣል። በሞተር ለመላክ አይከብድም፣ አይሰበርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልክ የለውም። ይህን ማንም አይነግርሽም፦ ቀለበት፣ ቀበቶና ጫማ ልክ አላቸው። አንድ ዓይነት ቀበቶ ለመሸጥ አምስት ልክ መሥራት አለብሽ። ሁለቱ ይሸጣሉ፣ ሦስቱ ገንዘብሽን ይዘው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ገንዘብ በሌለሽ ጊዜ ልክ የሌለው ነገር ሥሪ። የጆሮ ጌጥ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ሻሽ፣ ሁሉም ይሆናል።

ከመረጥሽ በኋላ አሥር ሥሪ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ሽጪ። ለማታውቂያቸው ነው ያልኩት። እናቴ የሠራሁትን ሁሉ ታደንቃለች፣ ያን ጠማማ የመጀመሪያውን እንኳ እስካሁን ይዛ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። በእናቴ ግን ገበያ አይለካም። አሥሩን ገዝተው ከወሰዱት ሰዎች አንዷ «ለእህቴም እፈልጋለሁ» ብላ ከተመለሰች ዕቃሽን አግኝተሻል። ማንም ካልተመለሰ ቀለም ከመቀየርሽ በፊት ምን እንዳስቸገራቸው ደውለሽ ጠይቂ። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ስልኬ አይገባበትም» የሚል ነበር። ስልክ የሚያስገባ አልሠራሁም። «የስልክ አይደለም» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፣ ቅሬታውም ቆመ።

2. ዕቃ ግዢ

የመጀመሪያው ቀን መግዣ አይደለም። የታክሲና የሻይ ብቻ ይዘሽ ውጪ፣ ዋጋ ጠይቀሽ ጽፈሽ ተመለሺ። በሁለተኛው ቀን ግዢ። ቅዳሜ መርካቶ አትሂጂ፣ ግፊያው ያደክምሻል፣ ሻጩም ለአንድ ፊት ቆዳ ጊዜ የለውም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥሩ ነው።

ቆዳ። መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ ሠሪዎች የሚገዙበት ሂጂ። ቆዳው፣ ገበሩ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ፣ ዘለበቱ በአንድ ሰፈር ይገኛል። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ስንት ፊት እንደሆነ ከጀርባው ላይ በቁጥር ይጽፍበታል። ቁጥሩን ሳታዪ ሒሳብ አትክፈዪ።

የደጋ በጎቻችን ቆዳ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ። ለጆሮ ጌጥና ለገበር ተስማሚ ነው። ለኪስ ቦርሳ ግን እኔ ፍየል እመርጣለሁ፣ ቅርጹን ይይዛል። የባቲ ፍየል የሚባለው ደግሞ ለስዊድ ስሙ የገነነ ነው።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገርሽ። ብዙ ቆዳችን ጉድለት አለበት። አንዱ እከክ የሚባለው ነው፣ በጎቹና ፍየሎቹ ላይ የሚኖሩ ጥገኛ ተባዮች ቆዳው ላይ የሚተዉት ነጠብጣብ። ሌላው በዕርድ ጊዜ ቢላ የሚቧጭረው ነው። ትልቅ ጃኬት ለሚሰፋ ይህ መከራ ነው። ለአንቺ ግን ዕድል ነው። መዳፍ የሚያህል ነገር የምትቆርጪ ስለሆንሽ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ቆዳ በርካሽ ገዝተሽ በጉድለቱ ዙሪያ መቁረጥ ትችያለሽ። ከጃኬትና ከቦርሳ ሠሪዎች የሚተርፍ ቁርጥራጭም አለ፣ ትውውቅ ከፈጠርሽ በኪሎ ያወጡልሻል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የኖርኩት በቁርጥራጭ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር ፈትሺ። ነጭ ጨርቅ በምራቅሽ አርሰሽ ቆዳውን እሺው። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ነገ የደንበኛሽ ነጭ ቀሚስ ላይም ይወጣል። ከዚያ እጥፍ አድርገሽ ልቀቂው። የታጠፈው ቦታ ከተሰነጣጠቀ ተዪው። ሻጩ ቢያኮርፍም ተዪው።

ጥለት። ሽሮ ሜዳ። እኔ መጀመሪያ ነጠላ እየገዛሁ ጥለቱን ቆርጬ ሌላውን እጥል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አዩኝና «ልጄ፣ ምን አድርጎሽ ነው ነጠላውን የምትገድዪው? ጥለቱን ብቻ በረጅሙ ልሥራልሽ» አሉኝ። ይህን ስሰማ ያቃጠልኩት ገንዘብ ትዝ አለኝ። አሁን በሜትር አዝዛለሁ፣ ቀለሙን ራሴ እመርጣለሁ፣ ዋጋውም ነጠላ ከመግዛት በብዙ ይቀንሳል። ከሸማኔ ጋር ስትነጋገሪ አትቸኩዪ። ድሩ ከተዘረጋ በኋላ ስፋት ልቀይር ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ በትክክለኛው ልክ ቀለም ቀብተሽ ይዘሽ ሂጂ። ቀብድ ይጠይቁሻል፣ ክፈዪ። በዓል ሲቃረብ ደግሞ አትዘዢ፣ የሁሉም እጅ የሀበሻ ልብስ ላይ ነው።

ጥለቱ ቤት ሲደርስ ትንሽ ቆርጠሽ ለብ ባለ ውኃ ንከሪው። ቀለም የሚለቅ ከሆነ አሁን እወቂው። ስትቆርጪውም ይተረተራል። መድኃኒቱ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚከቱት፣ በካውያ የሚለጠፈው ጨርቅ ነው። ከጥለቱ ጀርባ ካውያ አድርጊበት፣ ከዚያ በኋላ ቁረጪ።

ዚፕና ብረት። እዚህ ላይ አትሰስቺ። ወደ እኔ ከተመለሱት ቦርሳዎች ውስጥ ቆዳው ተቀዶ የመጣ የለም፣ ሁሉም ዚፕ ነው። ችግሩ ዚፑ ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚፕ፣ የዘለበትና የመንጠቆ ዋጋ ከወር ወር ይለያያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ለ60 ቦርሳ የሚሆን ዚፕ ቤቴ አለ። ቆዳና ጥለት እዚሁ ይገኛል፣ እነሱን አላከማችም። የጆሮ ጌጥ የምትሠሪ ከሆነ መንጠቆው ኒኬል የሚባለው ብረት ይኑርበት አይኑርበት ጠይቂ፣ ብዙ ሰው ጆሮው ያብጥበታል። ሻጩ ካላወቀ ራስሽ ለአንድ ሳምንት አድርገሽ ሞክሪው። ሳይንስ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

የተጣለ ነገርም ዕቃ ነው። እንጦጦ ላይ ከጥይት ቀለህ የአንገት ጌጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅቷን ስትጀምር መነሻዋ ከመኪና ጎማ የሚሠራው የአርበኞቹ በረባሶ ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን የመርካቶ ምናለሽ ተራን አንድ ቀን ዞረሽ እዪው። ምንም ባትገዢ እንኳ ዓይንሽ ይከፈታል።

3. አሥሩን አብረሽ ሥሪ

ማሽን አትግዢ። ለመጀመሪያው ስድስት ወር የሚያስፈልግሽ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ መዶሻ፣ ሁለት መርፌ፣ ማስቲሽ፣ ጠንካራ ክርና ጧፍ ነው። አዎ፣ ጧፍ። ክሩን በጧፉ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ሳቢው። አይተረተርም፣ ቆዳው ውስጥም ይነክሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

የቦርሳውን ልክ ካርቶን ላይ ቁረጪ። የእኔ 13 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ካርቶን 20 ቁራጭ ቆዳ አስምረሽ ቁረጪ፣ ለአሥር ቦርሳ ፊትና ጀርባ። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ጨምሪበት፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ትረጂዋለሽ።

ጥለቱን ፊተኛው ቆዳ ላይ ለጥፈሽ በዳርና በዳሩ ስፊው። ሁልጊዜ ቆዳው ከመገጣጠሙ በፊት። ከተገጣጠመ በኋላ መርፌ አያስገባሽም።

ዚፑን በላይኛው ጠርዝ ውስጥ በማስቲሽ ያዢው፣ ከዚያ ስፊው። ማስቲሽ አጠቃቀም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀቢ፣ እጅሽ ላይ መጣበቅ እስኪተው ጠብቂ፣ ከዚያ ገጥመሽ በመዶሻ ምቺው። እርጥቡን ከገጠምሽው ነገ ይላቀቃል። መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ልጅ ባለበት ክፍል ጨርሶ አትሥሪ።

ፊትና ጀርባውን በሦስቱ ጎን አጣብቂ። ቀዳዳ የሚሆነውን መስመር በትንሽ የኬክ ሹካ እየተጫንሽ ምልክት አድርጊ፣ ርቀቱ እኩል ይሆንልሻል። በወስፌ ብሺው። አሁን የክሩን ሁለት ጫፍ በሁለት መርፌ አስገቢ፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለቱም መርፌ ከግራና ከቀኝ ይለፉ። ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ይሁን። የማሽን ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ ይተረተራል። ይኸኛው አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። ደንበኛ «እጅ ሥራ ነው እያልሽ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ስትልሽ ይህን አሳያት።

መጨረሻ ላይ ያን 2 ሚሊ ሜትር በአዲስ የካተር ስለት ሁለቱን ቆዳ አንድ ላይ ቁረጪ። ጠርዙ እንደ አንድ ቆዳ ይሆናል። በክሮም (በፋብሪካ ኬሚካል) የለፋ ቆዳ በውኃና በማሻሸት አያብረቀርቅም፣ ስለዚህ የጠርዝ ቀለም ቀቢው። የቆዳ ዕቃ የሚሸጡት ጋ አለ።

አሥሩንም ደረጃ በደረጃ አብረሽ ሥሪ። አሥሩን ቁረጪ፣ አሥሩን ለጥፊ፣ አሥሩን ብሺ። አንድ በአንድ መሥራት ጊዜ ይበላል። የመጀመሪያዬ ሦስት ሰዓት ወስዶብኝ ነበር፣ ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን የማውቀው ስልኬ ላይ ስለምለካው ነው። አንቺም ለኪ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል ያለዚያ ቁጥር አይሠራም።

4. ዋጋ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ሞያ ያላቸው፣ ስፌታቸው ከእኔ የሚያምር ልጆች አውቃለሁ፣ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ እጃቸውን በነፃ ሸጡት። «ቆዳው 90፣ ጥለቱ 40፣ እንግዲህ 250 ብሸጠው አተርፋለሁ» ይላሉ። አያተርፉም።

ወረቀት አምጪ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ያደረግኳቸው ናቸው፣ የራስሽን ተኪ።

ቆዳ 90፣ ጥለት 40፣ ገበር 15፣ ዚፕ 20፣ ክር ማስቲሽና ቀለም 10፣ ማሸጊያ 25 ብር። ድምሩ 200። ከአሥር አንዱ መበላሸቱ አይቀርም፣ ስለዚህ 20 ጨምሪ። 220 ሆነ።

የእጅሽ ዋጋ። በሰዓት 80 ብር እንበል። አንድ ሰዓት ከሩብ 100 ብር ነው። 320።

የክፍል ኪራይ፣ መብራት፣ የስልክ ካርድ፣ ታክሲ። በወር 6,000 ብር ቢሆንና በወር 60 ቦርሳ ብትሠሪ፣ በቦርሳ 100 ብር ይደርሳል። 420። ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪ ቢሆንም ይህን ቁጥር አትሰርዢ። ነገ ክፍል ስትከራዪ ዋጋ ከየት አምጥተሽ ትጨምሪያለሽ?

ትርፍ። አንድ አራተኛ፣ ማለትም 105 ብር። 525።

ጨረስኩ ብለሽ እንዳትነሺ። 525 ለሱቅ የምታስረክቢበት ዋጋ ነው። ሱቁ ከሚሸጥበት 30 በመቶ የሚወስድ ከሆነ ለገዢ የሚሸጠው 750 መሆን አለበት። ከ750 ላይ 225ቱ የሱቁ፣ 525ቱ የአንቺ። ራስሽ በቴሌግራም ስትሸጪም 750 ነው። «ያለ ሱቅ ስለሆነ በ550 ልስጥሽ» ያልሽ ቀን ባለሱቁ ይሰማል፣ ቦርሳሽንም ከመደርደሪያው ያወርዳል። ደግሞም ፎቶ ማንሳቱ፣ መልስ መስጠቱ፣ ሞተረኛ መጠበቁ የሱቁን ሥራ እየሠራሽ ነው ማለት ነው። 225ቱ የዚያ ደመወዝ ነው።

750 ብዙ መስሎ ከታየሽ ዋጋውን ከመቀነስሽ በፊት ጊዜውን ቀንሺ። ጥለቱን ያለ ስፌት በቆዳ መስኮት ውስጥ ብታስገቢውስ? ገበሩን ብትተዪውስ? እኔ ገበሩን ትቼዋለሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም።

ድርድር አይቀርም። «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ስትባዪ ዋጋ አትቀንሺ፣ ሁለት ከገዛች የቁልፍ መያዣ መርቂላት። የቁልፍ መያዣው ከቁርጥራጭ የሚሠራ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዘመድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አክስትሽ «ለእኔም አንድ» ስትል እንቢ አትይም፣ ባህላችን አይፈቅድም። እኔ በዓመት 12 ቦርሳ የስጦታ ብዬ መድቤያለሁ፣ ሒሳቡ ውስጥም አለ። አሥራ ሁለቱ ሲያልቅ «እትዬ፣ ለእንቁጣጣሽ ይደርስልሻል» እላለሁ።

5. መነሻ ገንዘብ

ለአሥሩ ሙከራ ብድር አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ 60 ቦርሳዎች ዕቁብ ይበቃል። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተነጋግረሽ ተራ መለዋወጥ ይቻላል፣ ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ እጅሽ ከገባ ለእንቁጣጣሽ ትደርሻለሽ። የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ስለ ማምረቻ ሼድና ማሽን በኪራይ ስለሚገዛበት መንገድ ጠይቂ። ነገር ግን ሼድ እስኪሰጠኝ ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ።

የሽያጩን ገንዘብ ከኪስሽ ለዪው። ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። ምሳ በቦርሳው ብር የበላሁበት ዓመት ነበር፣ ዚፕ መግዣ ሳጣ ነው ያወቅኩት።

6. ወረቀቱ

አሥሩን ሸጠሽ፣ መሥራት እንደምትቀጥዪ ካወቅሽ በኋላ ሕጋዊ ሁኚ። አታዘግዪው፣ ሱቆችና ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይገዙሽም። ፋይዳ መታወቂያሽን ያዢ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ፣ ከዚያ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ። አብዛኛው አሁን በኢንተርኔትም ይጀመራል። የሚያስቸግረው የአድራሻ ጉዳይ ነው፣ የኪራይ ውልሽ ውልና ማስረጃ ሄዶ የጸደቀ መሆን አለበት። አከራይሽን ቀድመሽ አነጋግሪ። የእኔዋ አከራይ «ግብር ሊያስከፍሉኝ ነው» ብለው ሁለት ወር አስለመኑኝ።

የፈቃዱን ዓይነት ስትመርጪ ማምረትን የሚል መሆኑን እዪ፣ መሸጥ ብቻ የሚል እንዳይሆን። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስለ ግብር የቆየ ነጋዴ የሚነግርሽን እንዳለ አትቀበዪ፣ የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል። ወረዳሽ ገቢዎች ሄደሽ አሁን በየትኛው ደረጃ እንደምትመደቢ ጠይቂ። ስትገዢም ደረሰኝ ተቀበዪ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ላይ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ስም። የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፈቃድ ስታወጪ የሚሠራ ነው። ቆዳው ላይ የምታትሚውን ምልክት የሚጠብቅልሽ ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚደረገው ምዝገባ ነው፣ ለ7 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳል። በመጀመሪያው ወር አያስፈልግሽም። ምልክትሽ ያለበት ቦርሳ ሌላ ሰው ሲሸጥ ካየሽ በኋላ ግን ይዘገያል።

7. ሽጪ

ፎቶ። ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ በስልክ። መብራት አጥፊ። ቦርሳውን እጅ ይያዘው፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ጀርባውንና ውስጡንም አንሺ። ዋጋውን ጻፊ! «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉ ሰዎችን አልገባኝም። ሰው ያፍራል፣ ዝም ብሎ ያልፋል። 750 ብለሽ ጻፊ፣ የሚችል ይጽፍልሻል። ቲክቶክ ላይ ስትሰፊ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከተጠናቀቀው ቦርሳ ፎቶ በላይ ሰው ያመጣልኛል። ሰው እጅ ማየት ይወዳል።

ክፍያ። ቴሌብርም ባንክም ተቀበዪ። ሰው የላከልሽን የስክሪን ፎቶ አትመኚ። ገንዘቡ የራስሽ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን እስክታዪ ሞተረኛው አይነሣ። አንዴ ሁለት ቦርሳ ላክሁ፣ ደረሰኙ የተቀነባበረ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይቅርታ፣ እስኪገባ ልጠብቅ» ማለት አላፍርም።

ሱቅ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፖስታ ቤት በሚወርደው ቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃና ስጦታ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ፒያሳ ከ2016 ወዲህ ብዙ ተቀይሯል፣ የድሮ ሱቆች ተነሥተዋል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ አዲስ እግረኛ አምጥቷል። ስለዚህ የሰው ምክር ከመከተልሽ በፊት ራስሽ በእግርሽ ዙሪና ሰው የት እንደሚቆም እዪ። ሱቁ «ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» የሚል ከሆነ ከስድስት በላይ አታስረክቢ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በወረቀት አስፈርሚ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሄደሽ ቁጠሪ። እኔ ለአንድ ሱቅ 40 ሰጥቼ ሳልሄድ ሁለት ወር ቆየሁ። ስሄድ በሩ ተዘግቷል፣ ስልኩም አይሠራም። አርባ ቦርሳ ማለት 50 ሰዓት እጅ ነው።

ሚዜዎች። አሁን ከግማሽ በላይ ገቢዬ ከዚህ ነው፣ ያገኘሁትም በአጋጣሚ ነው። አንዲት ሙሽራ ለስምንት ሚዜዎቿ አንድ ዓይነት ቦርሳ በቀሚሳቸው ቀለም ጥለት አዘዘችኝ። ሠርጉ ላይ የነበሩት ደግሞ ለራሳቸው ሠርግ መጡ። ለዚህ ሥራ የዓመቱን አቆጣጠር እወቂ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ይደምቃል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፣ ያኔ ለምርቃት አዘጋጂ፣ ሰኔና ሐምሌ ተማሪ ይመረቃል። ለጥር ሠርግ ጥለቱ ኅዳር ላይ ሸማኔው ጋ መድረስ አለበት።

የሚዜ ትእዛዝ ስትቀበዪ ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። ቀብድ ያልከፈለች ሙሽራ ቀለም ትቀይራለች። ናሙና አንድ ሠርተሽ አሳያት፣ «ይኼው ነው» ብላ በጽሑፍ እንድትመልስልሽ አድርጊ። ፎቶ ላይ የሚታየው ቀይና በእጅ የሚታየው ቀይ አንድ አይደለም።

ባዛር። የገና፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ባዛሮች ጥሩ ናቸው፣ የቦታ ኪራዩ ግን ይከብዳል። ከሌላ ልጅ ጋር ተካፍለሽ ግቢ፣ የጆሮ ጌጥ ከምትሠራ ጋር፣ ቦርሳ ከምትሠራ ጋር አይሁን። የምትከፍዪውን ኪራይ በ105 ብር ትርፍሽ አካፍዪው። ስንት ቦርሳ መሸጥ እንዳለብሽ ይነግርሻል። ቁጥሩ ከሠራሽው በላይ ከሆነ ቤትሽ ቅሪ።

8. የተበላሸውን ተቀበዪ

ይመለሳል። ዚፕ ይበላሻል። ሁልጊዜ ሠርቼ እመልሳለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም፣ በሦስት ዓመትም ቢመጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጡ፣ ገና በቁርጥራጭ ከሠራኋቸው አንዱን ይዘው። ዚፑ ወጥቷል። ጥለቱ ግን አልደበዘዘም። እሳቸው ሻይ እየጠጡ ቀየርኩላቸው፣ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ገዙ፣ አንዱን ለምራታቸው። ዋጋውን ሰምተው «ድሮ 300 ነበር እኮ» አሉኝ። «እትዬ፣ ድሮ እጄን አልቆጥርም ነበር» አልኳቸው፣ ስቀው ከፈሉ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድ ትንሽ ሣጥን ይኑርሽ፦ ከእያንዳንዱ ዙር የተረፈ ሁለት ዚፕ፣ አንድ ክንድ ክር፣ የጥለቱ ቁራጭ። ላዩ ላይ ወሩን ጻፊበት። ሸማኔው ያንን ቀለም ደግሞ ላያገኘው ይችላል።